ለእትዬ ዘይነባ ያልታዘዘው ኪኒን

በመጀመሪያው ቀኔ የአንዲት እናት ደም ግፊት ለክቼ፣ መለኪያውን ከክንዳቸው ሳልፈታ ወደ ሐኪሙ ክፍል አስገባኋቸው። ዶክተር ታደሰ በሩን ከፍተው «ሲስተር፣ ዕቃውንም አብረሽ ላክሽልኝ?» ሲሉ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ካዛንቺስ ባለ አንድ የሴቶች ክሊኒክ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው።

ዶክተር ታደሰ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ለስላሳ የማህፀን ሐኪም ነበሩ። ያኔ ለማረጥ ብላ ሐኪም ዘንድ የምትመጣ ሴት ጥቂት ናት። ሙቀት ሲያነዳት፣ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ወይ ታይፎይድ ትባላለች ወይ ንዴት። እሳቸው ግን ያስረዱ ነበር፤ ለሙቀቱ የሆርሞን ኪኒን አለ፣ ችግሩ የብልት ድርቀት ብቻ ከሆነ ክሬም ይበቃል፣ ሆርሞን ለማይሆናት ሌላ መድኃኒት አለ።

ከሳቸው በፊት የምጠይቀው እኔ ነኝ። የጡት ካንሰር ነበረብዎት? ደም ረግቶብዎት ያውቃል? ጉበትዎስ? ካረጡ በኋላ ደም አይተዋል? አንዱን «አዎ» ካሉ ኪኒኑ እስኪመረመሩ ይቆያል። ጠረጴዛዬ ኮሪደሩ ላይ፣ ከተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ አጠገብ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ቄራ በርበሬ የሚነግዱ የወሎ ሴት ናቸው። ካረጡ አራት ዓመታቸው። ከምራታቸው ጋር መጡ።

«ደም አይተዋል?»

«ኧረ ምንም፣ ልጄ።»

ሲነሱ ግን ዞር ብለው የተቀመጡበትን ወንበር አዩ። ይህን እኛ ሴቶች መቼ እንደምናደርገው አውቃለሁ። ምራታቸውን ካርድ ክፍል ልኬ መርፌ ክፍል አስገባኋቸው።

«እትዬ፣ ወንበሩን ለምን አዩት?»

«ሁለት ወር ሆነኝ፣ ጠብ ጠብ ይላል» አሉ። «ምራቴ ፊት ልናገረው? ደግሞ ከኔ በፊት የነበረችዋ ደም አየሁ ብትል ኪኒኑ ይቆይ ስትያት ሰማሁ። ገበያ መሀል ላብ በላብ ሆኜ ደንበኛ ሲያፈጥብኝ መሞት ያምረኛል። አደራሽን፣ ለዶክተሩ አትንገሪብኝ።»

እጃቸውን ይዤ «እነግራለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው። ነገርኩ። ተቀየሙኝ፤ ሲወጡ ደህና ዋይም አላሉኝ።

ከማህፀናቸው ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ገና የጀመረ ካንሰር ነበር። ዶክተር ታደሰ ውጤቱን አስቀምጠው፣ «ኪኒኑን ሰጥቼ ቢሆን፣ ደሙ የኪኒኑ ነው እያልን ወራት እናባክን ነበር» አሉ።

እትዬ ዘይነባ ሆስፒታል ገብተው ማህፀናቸው ወጣ፤ ዳኑ። ሆርሞን ስለማይሆናቸው ዶክተሩ ሙቀቱንም የሚያበርድ የጭንቀት መድኃኒት በትንሽ መጠን ሲያዙላቸው «ደግሞ አበደች ልትሉኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሙቀቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ሥራቸውን የሚያስሠራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለክትትል በመጡ ቁጥር ከበሩ ጀምረው «ያቺ ሰላይ አለች?» ይላሉ፤ ጉንጬንም ሳይስሙ አይሄዱም።

እኔም ጠረጴዛዬን ከኮሪደሩ አንስቼ ክፍል ውስጥ አስገባሁ። ሴትን ስለ ማረጥ ስትጠይቁ ብቻዋን ትሁን፣ በሩም ይዘጋ።