ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመኪና ሥር የሚነሣው ወንድሜ

ወንድሜ አየነው አንድ አመል አለበት፤ ትልቅ ሰው ባየ ቁጥር ብድግ ይላል። እናታችን እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችን። እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የቀረ ልጅ በዚያ ቤት እራት አልበላም። እኔም ታላቅ እህቱ ነኝና ቤት በገባሁ ቁጥር ሲነሣልኝ ደስ አይለኝም ብል ዋሸሁ። በስደት አገር፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች መገበያያ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ ማንም ለማንም በማይነሣበት ሕንፃ ውስጥ ነው የምውለው።

አየነው መጀመሪያ ካትሌሆንግ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበረው፤ ያው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ዳቦና የስልክ ኤርታይም መሸጥ ነው። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ዘራፊዎች ሽጉጥ በፍርግርጉ አስገቡበት። ጥይቱ የዘይት ጄሪካን መታና እሱ ተረፈ። እኔ ሬሳውን ላነሣ እያለቀስኩ ስደርስ፣ ጌታው ዘይት ውስጥ ቆሞ መጥረጊያ ይፈልጋል። እዚያው ማልኩበት።

"ወደዚህ ፍርግርግ ብትመለስ እህት የለህም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልሥራ እትዬ? አርባ ዓመት ሞላኝ እኮ።"

"ልጅ ሆነህ የአይሱዙ ድምፅ ስትሰማ ምሳህን ጥለህ ትሮጥ አልነበር? ሂድና መኪና ጠግን።"

ሄደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የከባድ መኪና ጋራዥ በሠልጣኝነት ተቀበለው። አለቃዋ ሲስ ታንዲ የምትባል ዙሉ ናት፤ የመኪና ጎማ እንደ ሰፌድ ታነሣለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቄ መጥታ "እጁ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን ግንባሩ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያብጠው?"

ለምን እንደሆነማ ገባኝ። ከመኪና ሥር ተጋድሞ ሲሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠው ታንዲ ባለፈች ቁጥር ሊነሣላት ይሞክራል። ከላዩ ያለው ሻንሲ፣ የመኪናው ብረት፣ ደግሞ አያስነሣም።

በዚሁ አመሉ ፈተና ላይ ደረሰ። ፈታኙ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ምኩሉ፣ አያታችን፣ ይላቸዋል። ሥራው ካምቢዮውን በክሪክ ወደ ላይ አንሥቶ ከሞተሩ ጋር በቡሎን ማሰር ነበር። ገና ሁለተኛውን ቡሎን ሲያስገባ የሽማግሌው ጫማ ብቅ አለ። የእኔ ወንድም ቁልፉን ጣለ፣ ተስቦ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ቆመና ሁለት እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ከኋላው ካምቢዮው ከክሪኩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠረጉ። "ሰላምታህ በጣም ጥሩ ነው፤ ወድቀሃል" አሉት።

ታንዲም አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረው ነገረችው፤ ዳግም ከወደቀ ቦታውን ለሌላ ሠልጣኝ ትሰጣለች። በማግስቱ አየነው የካትሌሆንጉን ሱቅ አሁን ማን እንደተከራየው በስልክ ሲጠያይቅ ሰማሁት። ያቺ ጥይት ሁለተኛ ጄሪካን እንደማትመርጥ አውቃለሁ።

ስለዚህ ትልቅ ሰው ሲመጣ ያለመነሣት ልምምድ ጀመርን። ውኃ የሞላ ድስት አስይዤ አልጋ ሥር አስገባሁት። ከሱቄ ጎን ሻንጣ የሚሸጡትን ጋሽ አምላኩን ለመንኩና በር ላይ እያሳሉ ገቡ። አልጋው በአንድ ጎኑ ተነሣ፣ ውኃው በሙሉ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ወጥተው እንደገና ይግቡ" አልኩ።

ሰውዬው ከመመላለሳቸው ብዛት ጎረቤት ደላላ ናቸው ብሎ እስከ መጠርጠር ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ቀን አየነው ጥርሱን ነክሶ ሳይነሣ ቀረ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጋሽ አምላኩ ተቀየሙ።

"እኔን ነው ተኝቶ የሚያየኝ?" ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። አየነውም ይቅርታ ሊጠይቅ ሲነሣ አልጋው ተሰበረ።

ጨነቀኝና ሁሉንም ለታንዲ ነገርኳት። ስትስቅ ስትስቅ የብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ "እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት አይቆምም" አለችኝ። "ከሱ በላይ መገተር ንቀት ነው። ዝቅ ነው የሚባለው።"

ቤት ሮጥኩ። "ስማ አንተ፣ እዚህ አገር ሰው የሚከበረው ዝቅ ተብሎ ነው። ከመኪና ሥር ከመተኛት የበለጠ ዝቅታ ከየት ታመጣለህ?"

"እናታችን ብታየኝስ?" አለ።

"እናታችን ካምቢዮ አስራ አታውቅም" አልኩት።

በሁለተኛው ፈተና ያ ጫማ መጣ። አየነው ቁልፉን እንደያዘ፣ ከወለሉ ላይ በዙሉኛ "ሳውቦና ምኩሉ" ብሎ ሰላም አላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በ"ዬቦ" ሰላምታውን መለሱና አጠገቡ ቆዩ። እሱም የመጨረሻዋን ቡሎን አጠበቀ። ማለፉን በስልክ ሲነግረኝ ደንበኛ ፊት አለቀስኩ። ጋሽ አምላኩ ግን ታርቀው "ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ" እያሉ ለሕንፃው ሁሉ አወሩ።

በሳምንቱ ምሳ ይዤለት ጋራዥ ሄድኩ። ከአንድ ትልቅ መኪና ሥር ጫማው ይታያል።

"አየነው" አልኩ። ጫማው አልተነቃነቀም።

"እትዬ፣ ትንሽ ቆዪኝ፤ ቡሎን ይዣለሁ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደሜ ፈላ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ቆዪኝ አለኝ። ሳህኑን ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፤ ጎንበስ ብዬ ደግሞ ከደረቱ በላይ ያለውን ብረት አየሁ። ምሳውን አስቀመጥኩ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ግራሶ የተቀባ ወለል ላይ ተንበረከክኩና አንገቴን ከመኪናው ሥር አስገባሁ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ግንባሩ ላይ ግን እብጠት የለም።

"እንዴት ዋልክ?" አልኩት።

"ደህና ዋልሽ እትዬ። ስትነሺ ቀስ በይ፣ ብረቱ ራስሽን እንዳይመታሽ።"

ስነሣ መታኝ።