የቀባናት ታንኳና የፈራችው አምበል

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ዘንዘልማ ባለችው ቤቴ የቆርቆሮውን በር ልቀባ ቡርሽ ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ "ይህን በር ቀባው" ማለት ከጀመረች እንኳን በሩ እኔም ዝጌያለሁ። የቀለሙን ክዳን በሚስማር ፈልቅቄ ስከፍተው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር የዘይት ቀለም ሽታ ወጣና ቡርሹን መልሼ አስቀመጥሁት። ሌላው ሰው ቀለም ሲሸተው አዲስ ቤት ይታየዋል፣ በዓል ይታየዋል፤ እኔን ግን ከጉልበቴ በታች ይበርደኛል፣ መሬቱም ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ የሚወዛወዝ ይመስለኛል።

ይባስ ብሎ ጎረቤቴ አቶ ሙሉቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አለና ልጁ በምትማርበት ኮሌጅ የዋና ቡድን አምበል ሆና መመረጧን አበሰረኝ። "ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "አምበል ማለት እንዲህ ነው እንጂ!" እኔም እንኳን ደስ ያለህ አልሁት፤ አፌ ይህን ይበል እንጂ ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ጣና ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ የማይፈራ አምበል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ልቤ መዋኘት ሳይችል እንደዚህ ጥሎኝ ይሄዳል።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው ስል የሰማ ሁሉ ከእናቴ ሆድ እየዋኘሁ የወጣሁ ይመስለዋል። ውሸት ነው። አባቴ ከመሃል አገር ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ እናቴ ደግሞ የሐረር ልጅ፤ ሁለቱም ሐይቁን እንደ ክፉ ጎረቤት ከሩቅ ሰላም ብለውት ያልፋሉ እንጂ አይጠጉትም። እናቴማ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሐይቁ ግቢያችን ደርሶ እንደሆነ ለማየት በመስኮት ትመለከት ነበር። እኔም ከእነሱ በወረስሁት ፍርሃት ላይ የራሴን ጨምሬበት ፊቴን ስታጠብ እንኳ በአንድ እጄ ግድግዳውን እይዝ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ኮሌጅ ገብቶ የታንኳ ቀዘፋ ቡድን አባል የሚሆነው ለምንድን ነው ቢሉ፣ ለእንቁላል ነው። ለስፖርተኞች ጠዋት ጠዋት ከዳቦው ጋር የተቀቀለ እንቁላል ይጨመርላቸው ነበር። በእግር ኳሱ ሞክሬ አሰልጣኙ ገና ስሮጥ አይቶ ሳቀ፤ በሩጫው ሞክሬ ከእኔ በኋላ የተነሱት ታጥበው ልብስ ቀይረው ጠበቁኝ፤ የቀረው ታንኳው ብቻ ነበርና ለእንቁላል ስል ነፍሴን ለጣና አስረከብሁ።

ቡድናችን ሦስት ቀዛፊ ነበረው። አንደኛው እኔ፤ ሁለተኛው መላኩ፣ ክንዱ እንደ እኔ ጭን የሚያህል፣ ሲያስነጥስ የመኝታ ቤቱ መስኮት የሚንኳኳ ልጅ፤ ሦስተኛዋ አምበላችን የሻረግ ነበረች። የሻረግ የደቅ ደሴት ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ ከሚያገለግሉት መሪጌቶች አንዱ ነበሩ፣ እሷም ከመራመዷ በፊት በታንኳ የተሻገረች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ የምታስር ልጅ ነበረች። መላኩ ለምን እሷ አምበል እንደሆነች አንድም ቀን አልገባውም። ለእኔም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ከዳር ቆመን፣ እኔ ፍርሃቴ እንዳይታወቅብኝ እያፏጨሁ ሳለሁ፣ ውሃውን ረጅም ጊዜ አየችና "እኔ ዛሬ ፈርቻለሁ። ነፋሱ አላማረኝም፤ ነገ እንምጣ" አለች።

መላኩ በሳቅ ወገቡን ያዘ። "አምበል ነው እንዴ የሚፈራው? እኛ ስንፈራ አይዟችሁ ልትዪን ነበር እኮ የተሾምሽው!"

"አይዟችሁ ማለት ውሃውን ጸጥ አያደርገውም፣ መላኩ" አለችና መቅዘፊያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ኮሌጁ አቀናች። እኔም የዓለም ደስታ ሁሉ እየተሰማኝ፣ ያዘንሁ መስዬ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኋት።

ከዚያ በኋላ በወጣን ቁጥር ስለ ሐይቁ የምትነግረን ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። ጠዋት ውሃው ተኝቶ ሲያዩት አይመኑት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ የደቅ ሰው ለዚህ ነው ማልዶ የሚሻገረው። ጉማሬ ሲተነፍስ የሰማ ሰው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ አይንከር። ታንኳ ላይ አይቆምም። እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ማታ አልጋዬ ላይ እደግመው ነበር። አንድ ቀን ጉማሬ እውነትም አጠገባችን ብቅ አለ፤ መጠኑ እንደ ሚኒባስ ነው፣ ጸባዩ ግን ከሚኒባስ ረዳትም የባሰ ነው፤ እፍ ብሎ የተነፈሰው ውሃ ፊቴን ሲረጨኝ በሕይወቴ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በስማቸው ጠርቼ ስለጨረስሁ የማላውቃቸውን ፈጥሬ መጥራት ጀመርሁ። የሻረግ ግን መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ እስኪሄድ ድረስ ጠበቀች። ከሄደ በኋላ እንደነገረችን ከእኔም ይበልጥ ፈርታ ነበር።

ከልምምድ በኋላ ደግሞ ታንኳይቱን ተሸክመን አውጥተን፣ ፀሐይ ላይ አቁመን እናደርቃት ነበር። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ከሚሉት ረጅም ሣር ነው፤ ደንገል ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ይጠጣል፣ የጠጣውን ደግሞ ፀሐይ ላይ ሆኖ መልሶ ያወጣል። የሻረግ ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ የታንኳይቱን ሆድ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች፣ ጎንበስ ብላም እያሸተተች ትመረምራት ነበር፤ መላኩ ይህን ሲያይ "ታንኳ ነው ወይስ ዳቦ?" ይላል።

አንድ ቀን ውድድር ታወጀ። ከፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ጋር ነበር፤ ከዳር ተነስቶ ሐይቁ ላይ የታሰረውን ቢጫ ጀሪካን ዞሮ መመለስ። የስፖርት መምህራችን ጋሽ ፈንታ የዱርቤቴ ሰው ነበሩ፤ ገበሬ አባታቸው ካስቆፈሩት የጉድጓድ ውሃ በቀር ሌላ ውሃ ሳያዩ ያደጉ፣ ነገር ግን ልባቸው ለኮሌጁ ክብር የሚነድ። የክብር እንግዳ እንደሚመጡ የሰሙ ቀን ታንኳችንን ዙሪያዋን ቃኟትና "ይህች የድሃ ቤት ጣሪያ ትመስላለች እንጂ የኮሌጅ ታንኳ ትመስላለች?" አሉ። በማግስቱ ሰማያዊና ቢጫ የዘይት ቀለም በቆርቆሮ በቆርቆሮ መጣ።

"ጋሼ፣ አይሆንም" አለች የሻረግ። "ደንገል ይተነፍሳል እኮ። ከቀቡት በሆዱ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ይበሰብሳል።"

"ይተንፍስ! ማን ከለከለው? ቀለም ተቀብቶ ይተንፍስ!" አሉ ጋሽ ፈንታ። "የክብር እንግዳው ፊት ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ልትቀርቡ ነው?"

ተቀባች። አቤት ማማሯ! በጎኗ የኮሌጁ ስም በነጭ ተጽፎ፣ ስታብረቀርቅ ከፀሐይዋ ጋር የምትፎካከር ትመስል ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ፎቶ ሊነሳባት ይሰለፋል። የሻረግ ብቻ ታንኳይቱ ከውሃ ወጥታ በቆመች ቁጥር በአውራ ጣቷ ትጫናት ነበር፤ ቀለሙ ደረቅና ጠንካራ ስለሆነ ጣቷ የሚነግራት ነገር ግን አልነበረም። "አሁን ምንም አልሰማም" አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ውድድሩ ጠዋት እንዲጀመር ነበር የተባለው። የክብር እንግዳው ዘገዩ። ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ማይክሮፎኑ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ሲል አርፍዶ፣ ሲመጡም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ከንግግሩ በኋላ ምስጋና፣ ከምስጋናው በኋላ የምስጋናው ምላሽ ሆነ። እኔ አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ተነፍቶ ወገቤ ላይ እንዲደረግልኝ ለምኜ ጋሽ ፈንታ "እንግዳ ፊት?" ብለው አስወልቀውኝ፣ ራቁቴን የቀረሁ ያህል እየተሰማኝ የሐይቁን ፊት እመለከት ነበር። ከሩቅ፣ በደቅ በኩል፣ ውሃው ጠቆር ማለት ጀምሯል። የሻረግ ወደ ጋሽ ፈንታ ሄዳ "ጋሼ፣ ሰዓቱ አልፏል፤ ለነገ ጠዋት ይሁን" አለቻቸው። ጋሽ ፈንታ የክብር እንግዳውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ሐይቁን ግን አላዩም። "በይ ግቢ ልጄ" አሏት።

ፊሽካው ሲነፋ እንደ ጥይት ወጣን። መላኩ ሲቀዝፍ ሐይቁ የሚያፈገፍግ ይመስል ነበር፤ ጀሪካኑ ጋ ስንደርስ የፋብሪካዎቹን ቀድመናል፤ ከዳር የሚመጣው ጩኸት በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይደርሰናል። በዚያው ነፋሱ መጣ። ማዕበሉ እንደ መብራት ምሰሶ ነበር የሚል ታሪክ ነው የምነግራቸው ልጆቼን፤ ባለቤቴ "በየዓመቱ ትጨምርበታለህ" ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ጡረታ ስወጣ ጉና ተራራን ሳያክል አይቀርም። እንደ እውነቱ ከሆነ ከወገብ የማይበልጥ ነበር። ለማይዋኝ ሰው ግን ወገብ ማለት አንገት ማለት ነው።

ታንኳይቱን ስናዞራት አልታዘዝ አለች። ከብዳለች። የተቀመጥሁበት ቦታ ቀዘቀዘኝ፤ ስዳስሰው ውሃ ነው፤ ከላይ የመጣ ሳይሆን ከሥር፣ ከሆዷ የሚመጣ፣ የበሰበሰ ሣር የሚሸት ውሃ። በጎኗ ያለው ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት ተሰነጣጥቋል።

"ፈራሁ" አለች የሻረግ ከኋላዬ፣ በዚያ በመጀመሪያው ቀን እንዳለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ወደ ቀኝ! ወደ ደንገሉ ግቡ!" በስተቀኛችን ዳር ላይ ደንገሉ በውሃው ላይ እንደ አጥር ቆሟል፤ ቅርብ ነው። ወደዚያ መግባት ግን ውድድሩን መተው ነው።

መላኩ ዞረ። "እየመራን እኮ ነው! አብደሻል?" አለና ተነስቶ ቆመ። ታንኳይቱ ወደ አንድ ጎን ጋደለች፣ ጣናም ጭኔ ላይ ወጣ።

"ቁጭ በል!" ያች ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ጮኸች። "የፈራሁት እኔ ነኝ! ፈሪ የምባለውም እኔ ነኝ! አንተ ስምህ አይነሳም፤ ብቻ ቅዘፍ!"

መላኩ ተቀመጠ። ቀዘፈ። እኔም ቀዘፍሁ፤ ጸሎትና እርግማን አንድ ላይ እየቀላቀልሁ ቀዘፍሁ። ከዳር የሚመጣው ጩኸት ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ የፋብሪካዎቹ ያልተቀባች ታንኳ በአጠገባችን አልፋ፣ ማዕበሉን እንደ ዳክዬ እየተቀበለች ሄደች። እኛ ደንገሉ ውስጥ ስንገባ ከኋላችን ያለው ማሰሪያ ተፈታ፣ ታንኳይቱም ከሥራችን እንደ ተበተነ ነዶ ተዘረጋች፤ የደንገሉን አገዳ አቅፌ፣ ጭቃው እግሬን እየዋጠኝ፣ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። የሻረግ አንድ እጇን አንገትጌዬ ላይ አድርጋ ነበር። ሰዎቹ ከደረሱ በኋላም አልለቀቀችኝም፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቁልኝ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ጋሽ ፈንታና ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ታንኳይቱ የተበታተነችው ደንገል ውስጥ ስላስገባናት ነው የሚል ሐሳብ አስቀድሞ ጸድቋል።

"ወደ ደንገሉ ግቡ ስትዪ ታንኳይቱ ሰጥማ ነበር?" አሏት።

እኔ ከጎኗ ሆኜ "ሰጥማለች በይ" እያልሁ በክርኔ ጎሰምኋት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታድናት። "ገና ነበረች" አለች።

"ታዲያ ለምን ተመለስሽ?"

"ፈርቼ።"

አምበልነቷ ተነሳ። ለመላኩ ተሰጠ። መላኩ ግን ከወንበሩ ተነሳ፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ሰውነት እንዲያ ሲያንስ አይቼ አላውቅም። "እኔ አልይዝም" አለ። "እኔ ያን ቀን አልፈራሁም ነበር። አምበሉ እኔ ብሆን ኖሮ ሦስታችንም ዛሬ ስብሰባ አንቀመጥም ነበር፤ ለቀብራችን ነበር የምትሰበሰቡት።" ጋሽ ፈንታ ብርጭቆ ውሃቸውን አነሱና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡ። ቡድኑ በዚያው ፈረሰ፤ እንቁላሉም ቀረ።

የሻረግ ተመርቃ አስተማሪ ሆና ሄደች ሲሉ ሰማሁ፤ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። እኔ በሰው ሁሉ ላይ ስቀልድ የኖርሁ ሰው ለእሷ አንዲት ምስጋና ሳልናገር ቀረሁ፤ ደንገሉ ያለበት ያ ዳርም ዛሬ ተነቅሎ በድንጋይ ተነጥፏል፣ ሰው ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣበታል። ሰው የሞተበት ቦታ ቢሆን ምልክት ይቆምለት ነበር፤ ሰው ላልሞተበት ቦታ ግን ምልክት የሚያቆም የለም። ከዚያ ወዲህ ብዙ የማይፈሩ አለቆች ሥር ሠርቻለሁ፣ ብዙ የማይፈሩ ሾፌሮች ጀርባ ተቀምጬ ተጉዣለሁ፤ የምፈራውን ሁሉ ብቻዬን፣ እየቀለድሁ፣ እየፈራሁ እዚህ ደርሻለሁ። የምፈራው ብዙ ነው፤ የሚፈራልኝ ግን በሕይወቴ ሁለት ሰው ነበረኝ፤ አንዷ እናቴ ናት፣ እሷም አሁን የለችም።