ለኦቾሎው ልጅ የሰጠሁት ሦስት ደቂቃ

ፀሐይ ላይ የዋለ ኳስ ምን እንደሚሸት ታውቃለህ? የላስቲክና የአቧራ ሽታ ነው፤ ትንሽ የማረር ነገርም አለበት። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስወጣ አጥር ጥግ የሚጫወቱ ልጆች ኳሳቸው ወደ እኔ ተንከባለለች። ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና መመለሱን ረስቼ ይዣት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ያቀብሉን እንጂ!» አሉኝ። ወረወርኩላቸው፤ ሽታው ግን መዳፌ ላይ ቀረ፤ አርባ ምንጭም ከነሙቀቷ መጣችብኝ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ አራት አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከየአገሩ ተሰብስበን ከታችኛው ከተማ፣ ከሲቀላ ወጣ ብሎ ባለ ኮሌጅ ውስጥ የውኃ ምህንድስና እንማር ነበር። የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ሲሚንቶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወጣ ግለቱ የጫማችንን ሶል አልፎ እግራችንን ያቃጥለን ነበር። አንደኛው ሰሌዳ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለሆነ የእንግዳ ቡድን ሁሉ እዚያ ጋ ይስታል፤ እኛ ለምደነዋል። ከጫካው የሚወጡ ዝንጀሮዎች ዳር ላይ ተደርድረው ልምምዳችንን ያያሉ። ከደጋፊዎቻችን መካከል አንድም ቀን የማይቀሩት እነሱ ነበሩ።

በእኛ መኝታ ክፍል አንድ ልማድ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከቡድናችን ማን በመጀመሪያው ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ እንገምታለን። ሁሉም ግምቱን በካሬ ወረቀት ይጽፍና በሩ ጀርባ ይለጥፋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ድምሩ ሁለት መቶ መሆን አለበት። አምስት ሰው አርባ አርባ ደቂቃ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሌላ ደቂቃ ከየትም አይመጣም። ለአንዱ ስትጨምር ከሌላው መቀነስህ ነው። ግምቱ ከሁሉ የራቀበት ሰው፣ ከሁሉ የቀረበለትን ሰው ካልሲ ሙሉ ሴሚስተር ያጥባል። እኔ ሁለት ዓመት አከታትዬ ስላሸነፍኩ ካልሲ ማጠብ ረስቼ ነበር። ልጆቹ «ነቢዩ» ይሉኛል። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ በኋላ ከምራቸው ሆነ፤ እኔም ከምሬ ተቀበልኩት።

ምስጢሬ ቀላል ነው። አንድ ወንዝ በሚመጣው ክረምት ስንት ውኃ እንደሚያወርድ ለማወቅ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ታያለህ። እኔም ሰዉን እንደ ወንዝ መዘገብኩት። ማን ዓምና ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን ከልምምድ ቀረ፣ አሰልጣኛችን በማን ላይ ስንቴ ጮኸ፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ አለ። መዝገብ የሌለውን ወንዝ ደግሞ በጎረቤቱ ወንዝ ትገምተዋለህ። ከቡድኑ መዝገብ ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው፣ ከከተማዋ በላይ ተራራ ላይ ካለችው ከኦቾሎ መንደር የመጣው ጓደኛዬ። ጎረቤቱ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የሸማኔ ልጅ ነው። ኮሌጅ እስኪገባ የቅርጫት ኳስ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ዳር ላይ ቆሞ ካየን በኋላ በሦስተኛው ዓመት ቡድኑ ውስጥ ገባ፤ የገባውም በእኔ ቦታ፣ ቅርጫቱ ሥር ነው። ለዚያ ቦታ ያለችው አርባ ደቂቃ ናት። ለራሴ ሠላሳ ሰባት፣ ለእሱ ሦስት ጻፍኩ። አንዲት ደቂቃ ብጨምርለት ከእኔ ኪስ ነበር የምትወጣው። ያኔ ይህ ሳይንስ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ስስት ነበር።

ጨዋታው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጓደኛዬ ታጥቦ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ገበያ ነው። ከኦቾሎ የወረዱ ሰዎች ሲቀላ አሉ፤ ለአባቴ መልእክት ልልክ ነው» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«ና፣ ስጫወት እየኝ ብዬ።» በሩ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀቴን አየ። «ግን ለጥምቀት የታዘዘ ሥራ አለበት፤ ቀኑን ያባክናል። እዚህ የምንጫወተው ይቺን አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አዋሳ፣ ናዝሬት ነው። ሦስቷ... እርግጠኛ ናት?»

«እሷም ብዙ ከመራን ነው» አልኩት። «ለሦስት ደቂቃ ብለህ ሽማግሌውን ከተራራ አታውርዳቸው።»

እውነቱን መንገሬ ነበር፤ ቢያንስ እንዲያ ነው የመሰለኝ። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሙዝ ይዞ ተመለሰና ለክፍሉ ሁሉ አደለ። ምን ብሎ እንደላከ አልጠየቅኩትም።

በጨዋታው ቀን ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞላ። ተማሪው የምግብ ሳህኑን በማንኪያ እየመታ ጆሯችንን አደነቆረን። እኔ የሠላሳ ሰባት ደቂቃ ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ገና በዘጠነኛው ደቂቃ አራተኛ ጥፋቴን ሠራሁ፤ አምስተኛው ከሜዳ ያስወጣል። ሱሪው ከጠመኔ ብናኝ ጠርቶ የማያውቀው አሰልጣኛችን፣ መምህርም ነው፣ በጣቱ ጠራኝ። «ቁጭ በል» አለኝ፤ ቀጥሎ «አንተ ግባ» አለው ጓደኛዬን።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተናደድኩት ለራሴ ነው። ይሳሳትና እመለሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልተሳሳተም። ብዙ አይዘልም፣ አይጣደፍም፤ ኳሷ ከምትወድቅበት ቦታ ግን ቀድሞ ይገኛል። ለካ ሁለት ዓመት ዳር ላይ የቆመው ይህን ሲማር ኖሯል። የኔ ደብተር ማየትን እንደ ልምምድ አልቆጠረውም ነበር። ከዕረፍት በኋላ ሳህኑ ሁሉ በእሱ ስም ይመታ ጀመር። እኔም ያኔ አባቱ ትዝ አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ደቂቃ ተጫወተ። አሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ልጆች ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ሲጎትቱት እሱ በሜዳው ዙሪያ የቆመውን ሰው ፊት በፊት ይቃኝ ነበር። የሚፈልገው ሰው እንደሌለ እያወቀ ይፈልግ ነበር።

በዚያ ሴሚስተር ካልሲ አጣቢው እኔ ሆንኩ፤ ከሁሉ የቀረበ የገመተው ልጅ ደግሞ እግሩ የሚሸት ነበር። ጓደኛዬ ግን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እንዲያውም ለዕረፍት «ከእኔ ጋር እንሂድ» አለኝና ኦቾሎ ይዞኝ ወጣ። ከመንገዱ ጀምሮ ሽቅብ ነው። ሸንተረሩ ላይ ስትደርስ የአባያ ሐይቅ ከታች ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ንፋሱ ያላበህን ልብስ ጀርባህ ላይ ያቀዘቅዘዋል። አባትየው ከቤቱ ደጅ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው መወርወሪያውን ወዲህ ወዲያ ያመላልሳሉ። ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ አያውቁም፤ ጓደኛዬ እየተረጎመ ተጨዋወትን። ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የሚሠራው ቁርቁፋ ከዳጣ ጋር ቀረበልን፤ በርበሬው አስለቀሰኝና ሳቁብኝ።

ከዚያ «የልጄን ጨዋታ ንገረኝ» አሉኝ። ደብተሬን አወጣሁና ከዘጠነኛው ደቂቃ ጀምሬ እያንዳንዷን ነገርኳቸው። መወርወሪያው ቆመ። ጨርሼ ደብተሬን ዘጋሁ፤ ግን አላስቻለኝም።

«አይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ በላቸው» አልኩት።

«ተወው» አለኝ።

«በላቸው!»

ነገራቸው። ሰውየው እንደ መቆጣት አላሉም፤ ግራ ተጋቡ እንጂ። ለምን እንዳልኩ ጠየቁ። አብዛኛውን ተቀምጦ ስለሚውል ብዬ ነው አልኩ። አባትየው ልጃቸውን አዩና በጋሞኛ አጠር ያለ ነገር ተናገሩ። ጓደኛዬ ዓይኑን ድሩ ላይ እንደተከለ ተረጎመው።

«ቢቀመጥስ? ተቀምጦም አየው ነበር፣ ይላል።»

የኔ አባት ደሴ ነበሩ። ሦስት ዓመት ስጫወት አንዴም ኑና እዩኝ ብዬ አልጻፍኩላቸውም፤ መጀመሪያ ደህና ተጫዋች ልሁን እያልኩ። ስብሰባ መሀል ተቀምጬ፣ ወይም መኪና እየነዳሁ፣ ይህ ነገር ዛሬም ድንገት ይመጣብኛል። አንድም ቀን ኳስ ስይዝ ሳያዩኝ አለፉ። ለጓደኛዬ የሰጠሁት ምክር ለራሴም የምሰጠው ነበርና በክፋት አልነበረም፤ ይህን ለአንተ ስነግርህ ግን ቀለል አይለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት በሩ ጀርባ የኔ ወረቀት አልተለጠፈም። ጓደኛዬም ማንንም ሳይጠይቅ ለአባቱ ላከ። ያን ዓመት ከሁለታችንም የሚረዝም የአንደኛ ዓመት ልጅ መጥቶ ነበር፤ ቅርጫቱ ሥር ያለችውን አርባ ደቂቃ ሙሉውን ወሰዳት። እኔና ጓደኛዬ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ዋልን።

አባትየው መጥተው ነበር። የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ ከሜዳው ማዶ፣ ከወንበራችን ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ኳሷ ወደ ግራ ስትሄድ የሰው ሁሉ አንገት ወደ ግራ ይዞራል፤ ስትመለስ አብሮ ይመለሳል። የእሳቸው አንገት አይዞርም። መጀመሪያ ጨዋታው ስላልገባቸው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ነው የሚያዩትን ያወቅኩት። ጓደኛዬም አውቆታል። ሲጀመር አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከዕረፍት በኋላ ቀና ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተስተካክሎ ተቀመጠ።

እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ማንም ሳያየኝ ወንበሩ ላይ አባትየው ወደሚያዩበት፣ ወደ እሱ ትንሽ ጠጋ አልኩ።