የሰዓዲያ እናት ቤተ ሙከራ የገባች ቀን

ሰዓዲያ ተወልዳ ያደገችው ሪያድ ውስጥ፣ ሱወይዲ በሚባል ሰፈር ነው። አባቷ ቃሲም ሾፌር ነበር። እናቷ አይሻ ደግሞ ዑረይጃ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራ ነበር። ሰዓዲያ ወሎን የምታውቀው በእናቷ ወሬና በዳማከሴ ሽታ ነው። ልጅ ሳለች ባተኮሳት ቁጥር አይሻ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ታሸትታት ነበር። ተክሉን ጣሪያ ላይ በጣሳ ነው ያሳደገችው። የሪያድ ሙቀት ደጋግሞ ቢያደርቅባትም፣ የመከይፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ውኃ ከሚንጠባጠብበት ጥላ ስር ስታስጠጋው ያዘላት።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ሰዓዲያ በአንድ ኮሌጅ የሴቶች ክፍል የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆነች። አለቃዋ ሱዳናዊቷ ዶክተር ኢማን የሞቃት አገር መድኃኒት ተክሎችን ታጠና ነበር። ሰውነትን ከጉዳት ይከላከላሉ የሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶች በየቅጠሉ ምን ያህል እንዳሉ ትለካለች።

አንድ ቀን ዶክተሯ፣ «ከገበያ የምንገዛው ሁሉ የደረቀ ነው፤ እርጥብ ቅጠል ከየት ይምጣ?» አለች።

ሰዓዲያ ማታ ለእናቷ ነገረቻት። አይሻ ያላት አንድ ተክል ብቻ ነው። ጠዋት ሰዓዲያ ስትነሳ ግን ግማሹ ተቆርጦ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እኔም መጥቼ ልየው» አለች አይሻ።

ዶክተር ኢማን ፈቀደች፤ ነጭ ጋዋንም ሰጠቻት። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነባት። ሰዓዲያ ከቅጠሉ የወጣውን ፈሳሽ አንቲኦክሲዳንት ሲነካው ቀለሙን በሚለቅ ሐምራዊ ውሁድ ላይ ጠብ አደረገችው። ሐምራዊው ቀስ እያለ ደበዘዘ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ።

«በሽታው ለቀቀ ማለት ነው?» አለች አይሻ።

«አይደለም እማዬ። ቅጠሉ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ኃይል እንዳለው ያሳያል እንጂ፣ ሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ገና አናውቅም።»

«ታዲያ ያኔ ትኩሳትሽ በምን በረደ?»

ሰዓዲያ ትንሽ አሰበች። «እኔ እንጃ። ምናልባት ባንቺ እጅ ይሆናል።»

አይሻ የልጇን ትከሻ ይዛ ቢጫውን ፈሳሽ ስታይ ቆየች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የቃሲም ከፊል፣ ማለትም አሠሪው፣ ሞተና የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ ሳይታደስ ቀረ። እሱና አይሻ ኸላስ፣ በቃን ብለው ደሴ ገቡ። ያገባችው ሰዓዲያ ግን ሪያድ ቀረች። የድሮ ቤታቸውም ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት።

ዛሬም በዚያ መንገድ ስታልፍ የሚናፍቃት ከቤተ ሙከራው በአባቷ መኪና የተመለሱበት ከሰዓት ነው። አይሻ ከኋላ ወንበር ሆና ያየችውን ለባሏ ስትተርክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ቃሲም «ከዚያስ?» ይላል። እሷም ትቀጥላለች። ሰፈራቸው ሲደርሱ ወሬው ገና አላለቀም ነበር። ቃሲም መኪናውን ሳያቆም፣ ቤታቸውን አልፎ ዝም ብሎ ነዳ።