ዝናብ ላይ የሚይዝ ጎማ

ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለገጠር መንገድ የሚሆን ቀለል ያለ ሞተር ሰጥቶታል፤ ልቡ ያለው ግን በራሱ ሞተር ላይ ነው። ለረጅም አስፋልት የተሠራ፣ ሁለት ሰው ቢፈናጠጥበት የማይሰማው፣ አንድ ክፍል የሚያህል ሞተር። ባሕር ዳር ካለ፣ ከሰለቸው ሰው ገዝቶ ሲያመጣው፣ ቤት እንሠራለን ስትል ከርመህ ብረት ታቅፈህ መጣህ ብዬ ስንት ቀን አኩርፌዋለሁ። አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። እሳቸው ግን መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ መልኩስ ደህና ነው፣ ለመሆኑ ሰው ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ።

ኩርፊያዬም አልቆየም። ከኋላው ተቀምጬ ከምንኖርበት ከቆሰበር ዳንግላ ደርሶ መመለስ ለመድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። የምጠላው ዝናብ ሲይዘን ነው። እኔ ጀርባውን እየደበደብኩ ቀስ በል እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሱ ከሄልሜቱ ውስጥ ይስቃል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ ይሉኝታ የለውም።

ሕመሙ እንደ ዋዛ ነው የጀመረው። ምግብ አስጠላው፣ ከሳ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ባሕር ዳር ወሰድነው። ሐኪሙ እሱን ውጭ አስቀምጦ እኔንና ወንድሙን አስገባና ጉበቱ እንዳለቀ ነገረን። ቤቱ ውሰዱትና የሚወደውን አብሉት አለን። እዚያው ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ወጣሁና ጨጓራ ነው አሉ አልኩት። እሱም ተመስገን አለ።

ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አይነገርም። ቤተሰቡ ሁሉ ጨጓራ ጨጓራ ሲል ሰነበተ። ጎረቤቱ ለጨጓራ የሚሆነውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ተልባው፣ ማሩ፣ አብሹ። እኔም ድሮ በሞቴ ብላ እያልኩ የማጎርሰው ሴትዮ፣ በሞቴ ማለት ተውኩ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ሲያይ ቆየና ጠራኝ። ጎማዎቹ መላጣ ሆነዋል፤ ዳንግላ ሄደሽ የፊቱንም የኋላውንም ግዢልኝ አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ ጎማ የሚያስብ ሰው ገና ዓለም አለው አልኩ። ቁጥራቸውን አስጠናኝ፤ ጎኑ ላይ የተሠራበት ዓመት አለ፣ የቆየ እንዳይሰጥሽ አለኝ። ከሁሉ በላይ አጥብቆ የነገረኝ ግን ለስላሳውን እንዳመጣ ነው። ዝናብ ላይ የሚይዘው እሱ ነው፣ ሻጩ ጠንካራውን ሊያወድስልሽ ይችላል፣ እንዳትሰሚው አለኝ።

ሻጩ ዕድሜው የገፋ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱንም ዓይነት አውጥቶ ጎን ለጎን አቆመልኝ። ለስላሳው በዝናብ መንገዱን ነክሶ ይይዛል፣ ግን አስፋልት ቶሎ ይበላዋል። ጠንካራው በዝናብ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ነገር ግን ዓመታት ይሄዳል፤ ባለቤትሽ ይሰለቸው ይሆናል እንጂ አያልቅም አለኝ። ዓመታት የሚለው ቃል ያዘኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለሰው የማይቆይ ጨርቅ መርጬ አላውቅም። ዓመታት የሚሄድ ጎማ የተገዛለት ሰው እንዴት ብሎ ይሞታል? እንዲህ ያለ ቂልነት ነው ያሰብኩት። ከእግዜር ጋር በጎማ ልደራደር። ጠንካራውን አስጭኜ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁና እስከ ቆሰበር ድረስ በሆዴ ስጸልይ ሄድኩ።

ጎማዎቹን በረንዳው ላይ ሳወርድለት አንዱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን አደረገው። ጥፍሩ አልገባም። ዳበሰው፣ እንደገና ጫን አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ።

"ይኼን ማን ይጨርሰዋል?" አለኝ።

አንተ ነሃ፣ ማን ሊጨርስልህ ኖሯል ብዬ ተቆጣሁ። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ያውቀኛል። ወደ ጓዳ ልገባ ስል ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

"ስንት ዘመን ሙሉ የከብት ጉበት በእጄ ስዳብስ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን አጣዋለሁ?" አለ። "ባሕር ዳር ሳንሄድ ነው ያወቅኩት። እናንተ ስትደብቁኝ ደስ ያላችሁ መሰለኝና ዝም አልኩ። ለእኔ አንድ ክረምት ይበቃኛል፤ እሱንም ከሰጠኝ። አንድ ቀን በዝናብ ከኋላዬ ተቀምጠሽ፣ እየጮህሽብኝ፣ ጥርባ ሐይቅ ደርሰን እንመለስ። ሌላ ምንም አልፈልግ።"

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ማድ ቤት እየተደበቅኩ፣ እሱ ወደ ግድግዳ እየዞረ፣ ለየብቻ ስናለቅስ ኖረናል ለካ። በዚያ ቀን ግን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ የጎረቤት ሰው ሲገባ እንኳ ሳንላቀቅ አለቀስን። ትሞትብኛለህ አልኩት። እሞትብሻለሁ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

በነጋታው ጎማዎቹን መልሼ ዳንግላ ወሰድኩ። ሻጩ ግራ ገባው። ሰው ለስላሳውን መልሶ ጠንካራውን ሲወስድ አይቷል፣ የእኔን ዓይነት ግን አላየም። ምን ጎድሎት ነው፣ ይኼኮ ዓመታት የሚያገለግል ነው ብሎ እንደገና ያስረዳኝ ጀመር።

"ባለቤቴ ዓመታት የሉትም" አልኩት።

ከወለደችኝ እናቴ የደበቅኩትን ነገር ለማላውቀው ሰው ተናገርኩት። ሻጩ ጠንካራዎቹን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ለስላሳዎቹን አንድ በአንድ ጎናቸውን እያየ አዲስ የሆኑትን መረጠልኝ። ራሱ ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና ሚኒባሱ ላይ አስሮልኝ ተመለሰ። እግዜር ይማርልሽ እንኳ አላለኝም፤ ስላላለኝ ወደድኩት።

ባለቤቴ ጥፍሩን ሲጫን ገባለት። እንዲህ ነው እንጂ አለ። ጎሚስታው ቤታችን ድረስ መጥቶ ሲገጥም እሱ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አላላኸው፣ አጠበቅከው እያለ ሲነተርከው ዋለ። ያን ዕለት ግማሽ እንጀራ በላ።

ከዚያ ዝናቡን መጠበቅ ሆነ። ያን ዓመት ደግሞ ዘገየ። በግምጃ ቤት ከተማ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል፣ እሰይ መጣልን ስንል ንፋሱ ይዞት ይሄዳል። ዝናብ የምጠላ ሴትዮ እኔ፣ ስለቴ ለዝናብ ሆነ። አንድ ቀን በደረቁም ቢሆን እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ተነሥቶ ሞተሩን ከማቆሚያው ሊያወርድ ሞከረ። ሞተሩ ወደ እሱ ተጋደመ፤ እኔና ጎረቤታችን ደርሰን ደገፍነው። ስቆ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። "ከበደኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሞተር አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሣሁበት።

ሰኔ እንደገባ፣ በማለዳ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ አረፈ። ዝናቡ የጀመረው በቀብሩ ዕለት ነው። ዝናቡ እንኳ ትንሽ ማፈር አልነበረበትም?

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ባዶውን ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል። አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል አማቼ ሰዉን አስቆሙ። የልጄ ፈረስ ይኼ ነው፣ አልብሱት ብለው ሞተሩን አሳዩ። የራሳቸውን ፈረስ ቀይ ልብስ አምጥተው ኮርቻው ላይ አነጠፉበት። የባለቤቴ ወንድም መሪውን ይዞ እየገፋ ወጣ። የአማቼ ባልንጀሮች ፈረሶቻቸውን እየሳቡ፣ በአዊኛ እያንጎራጎሩ ተከተሉት።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርደው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ሲዘንብበት ሳሙና ነው። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች እየተንሸራተቱ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ፈረሶቹ ሰኮናቸው እየከዳቸው ቆሙ። እኔን ደግፈው የያዙኝ ሴቶች ወደቁ፣ ተነሡ። ሞተሩ ብቻ ቀጥ ብሎ ወረደ። አንዴም ወዲያ ወዲህ አላለም። ቀዩ ልብስ በስብሶ ኮርቻው ላይ ተጣብቋል፤ ላዩ ላይ ሰው የለም።

እስከዚያ ድረስ ድምፅ አልወጣኝም ነበር። ሰው ሁሉ ደርቃ ቀረች ብሎኛል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን አፌ ተከፈተ፤ ባለ በሌለ ኃይሌ "ቀስ በል! ቀስ በል!" ብዬ ጮህኩ። ወንድሙ እሱን የተናገርኩት መስሎት ፍሬኑን ይዞ ቆመ።