ከኋላ የተቀመጠችው ጆሮ

ነፋሱን የማያውቅ ጤና ጣቢያ የለም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን አድርጎ፣ ሣጥኑን ከሞተሩ ኋላ ጥፍር አድርጎ አስሮ፣ ከገጠር ወደ ከተማው ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ኖሯል። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ይበራል። ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። ሚስቱ ሰፊዋ ግን፣ «ነፋሱስ አንተ አይደለህም፤ ጆሮህን በልቶ የጠገበው ነው እንጂ» ልትለው እያማራት፣ ሁለት ዓመት ዋጥ አድርጋ ኖረች።

ሰፊዋ በሆስፒታል የስፌት ክፍል አንሶላና ጋውን ስትሰፋ ነው የምትውለው። ቀኑን ሙሉ ሰባት የስፌት መኪና ሲንጫጫ እየዋለባት እንኳ ጆሮዋ የዝንብ ክንፍ አያመልጠውም። የባሏ ግራ ጆሮ ጨርሶ ሞቷል። ቀኙም ጉርምርምታ እንጂ ቃል አይለይም። የሚያናግረውን ሰው ከንፈር እያየ ነው ነገሩን የሚጨብጠው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ጭምር። እሷም አልጠየቀችውም። ቤት ውስጥ «እህ?» ሲላት ፊቱን አይታ ትደግምለታለች፣ ያውም እሾኩን ነቅላ። ጎረቤት በአጥር በኩል፣ «ይሄ ሰውዬ ኮርቷል ልበል? ሰላምታ እንኳ አይመልስም!» ሲል፣ ነፋሱ «ምን አለ?» ይላታል። «ደህና አደርክ ወይ ነው የሚልህ» ትለዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሞተሩ አስፋልቱን ትተው፣ ከሐይቁ በላይ በገደሉ ወገብ የሚጠማዘዘውን ፒስታ መንገድ ይዘው መውጣት፣ ከተጋቡ ጀምሮ የለመዱት ነው። ታች ውሃው እንደ ተወለወለ ትሪ ያበራል፣ ዛፎቹ ከላይ እንደ ጣራ ይገጥማሉ፣ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቁጭ ብለው ዳቦ በሻይ በልተው ይመለሳሉ። መንገዱ ሲያዩት ደስ ይላል እንጂ ለሁለት መኪና አይበቃም። ስለዚህ ደንብ አለው፤ የሚወርደው ከመታጠፊያው በፊት ክላክስ ይነፋል፣ የሚወጣው ሰምቶ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል። መታጠፊያው ላይ አለት ከፊት ተደቅኗል። እዚያ ላይ ዓይን ምን ያደርጋል?

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አውቶቡስ ከላይ ክላክሱን እየነፋ ሲወርድ፣ ነፋሱ ማርሽ ቀይሮ ወደፊት! ሰፊዋ ነፍሷ ልትወጣ ስትል ትከሻውን በጥፊ ደበደበችው። ቆመ። አውቶቡሱ አፍንጫቸውን ታክኮ አለፈ። ቤት ሲደርሱ፣ «ትከሻዬን ገነጠልሽው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ» ብሎ ሳቀ፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጇን ቀኝ ትከሻው ላይ አሳረፈች። አንዴ መታ ካደረገችው ከኋላ መኪና አለ፤ ሁለቴ ከሆነ ከፊት ተነፍቷል፣ ቁም። ይህን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም። የሰፈር ሰው ግን፣ «እነዚህ ሰዎች ዛሬም እንደ እጮኛ ተቃቅፈው!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

እንዲህ እያለ የልጅ ልጃቸው ሰባት ዓመት ሞላት። አያቷ ሰባት ሲሞላሽ በሞተር አወጣሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ኖሮ፣ እሁድ ተቆረጠ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጅቷ እናት መጣችና ሰፊዋን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘቻት።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ ደህና ነው አይደል? አንዳንዴ ስጠራው ዝም ይለኛል።»

«ወንድ ልጅ ከቤቱ ሰው ሲጠራው መቼ ሰምቶ ያውቃል?»

ልጇ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ሰበሰበች። «የምሬን ነው። ልጄን ብቻዋን ከኋላው ላስቀምጣት ነው።»

ሰፊዋ የያዘችውን ሽንኩርት አገላብጣ አየች። የልጇ ባል ነፋሱ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ ነው። ለልጇ የነገረችው ማታውኑ ስምሪት ክፍል ይገባል። ነፋሱ ደግሞ ለጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ከሞተር ወርዶ ዘበኛ አጠገብ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ታያት።

«ደህና ነው» አለች።

ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ አንድ መላ መጣላት። ሌላ ሰው ከሚነግረው ራሱ ይደንግጥ፣ ራሱ ይቅር። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ መንገዱ ሰፋ ይላል፤ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የአትክልት ፒክአፕ እዚያ ጋ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ክላክሱን ስትሰማ ዝም ትላለች። ፒክአፗ ድንገት ፊቱ ብቅ ትልበታለች፣ ፍሬን ይይዛል፣ ልቡ ይመታል፣ እሁድን ይሰርዛል። በቃ። ጨርቅ ሳይቆረጥ ሲለካ እንደሚያምረው ሁሉ፣ ነገሩ በሐሳብ አማረባት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ነፋሱ እያፏጨ ነው የሚነዳው፤ ፉጨቱ ከዜማ እንደወጣ አያውቅም። እስከ አራተኛው መታጠፊያ እጇ እንደ ልማዷ ሠራች። አምስተኛው ላይ ክላክስ ተሰማ፣ ረጅም። እጇ ሊነሳ ሲል ጨበጠችው።

ክላክሱ ግን የፒክአፕ አልነበረም። አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና መንገዱን ሞልቶ መጣ። ነፋሱ መሪውን ወደ አለቱ ጠመዘዘ። ወደ ገደሉ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ባለቀ ነበር። ሞተሩ ቦዩ ውስጥ ገብቶ እላያቸው ላይ ተኛ። እሷ የቅልጥሟ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። እሱ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ዓይኑን አፍጥጦ አፏን አፏን ያያል።

ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወረደ። «ኧረ የሰው ያለህ! ክላክስ ነፍቻለሁ! በረጅሙ ነፍቻለሁ፣ እናቴ!»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ፣ «ነፍቷል ወይ?» አላት።

ሰፊዋ ባሏን አየች፣ ሾፌሩን አየች። «አልነፋም» አለች።

«እናቴ፣ ልጆች አሉኝ!» ሾፌሩ መንገዱ ላይ ተቀመጠ።

ነፋሱ የሁሉንም ከንፈር ተራ በተራ ሲያይ ቆይቶ ተናገረ። «ነፍቶ ይሆናል። ሰውዬውን አትያዙት። እኔ ጆሮዬ አይሰማም።» ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ ቀረ። «ጻፈው» አለው። «አይሰማም ብለህ ጻፍ። ሁለት ዓመቱ ነው።»

በዚያች አንዲት መስመር ሃያ አራት ዓመቱ ተዘጋ።

ድንገተኛ ክፍል ጎን ለጎን አስተኟቸው። እግሯ በጀሶ ተጠቅልሏል፤ የተኛችበት አንሶላ ጠርዙ የራሷ ስፌት ነው። ልጃቸው መጥታ በሁለቱ አልጋ መሃል ቆመች። አላለቀሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእናቷ ብቻ ተናገረች።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር። ዓይኔን እያየሽ ደህና ነው አልሽኝ። ነገ የልጄን ሬሳ ነበር የምትሰጪኝ። ከእንግዲህ ልጄን ለእናንተ አላምንም።»

ነፋሱ ከወዲያኛው አልጋ፣ «ምን አለች?» አለ።

ሰፊዋ እንደ ወትሮዋ እሾኩን ልትነቅል ትችል ነበር። ደንግጣለች፣ ትወዳችኋለች፣ ይህን የመሰለ። ፊቷን ወደ እሱ መለሰችና ቃል በቃል ደገመችለት። ሬሳ የምትለዋንም አልዘለለቻትም።

እስከ መጨረሻው ከንፈሯን ተከተለ። «እውነቷን ነው» አለ፣ ድምፁን የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ። በሽተኛው ሁሉ ዞረ። «ሌላስ? ሌላ የደበቃችሁኝ ካለ ንገሩኝ።»

ሌላ ነበር። ልጇ እየሰማች፣ ሲስተሯ መርፌ እየቀዳች፣ ሰፊዋ ተናገረችው።

«ክላክሱን ሰምቼው ነበር። አውቄ ነው ያልነካሁህ። እንድትደነግጥ ብዬ። ለልጅቷ ብዬ።»

ነፋሱ ተገላብጦ ጀርባውን ሊሰጣት ፈለገ፤ የተሰበረው ትከሻው አላስገላበጠውም። ስለዚህ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ከጨፈነ በኋላ ደግሞ፣ ምንም ብትናገር አይደርሰውም።