ከከተማ ወጥታ የማታውቅ መኪና

መኪና እንድንገዛ የወሰንኩት ስኳር ስፈልግ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ በገዛ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ መደርደሪያውን ስከፍትና ስዘጋ የዘጠኝ ዓመት ልጄ መጣችና «አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ አመጣልሻለሁ» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ለእንግዳ የሚባለውን ነው ያለችው፤ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ቀጥሎ ሻዩን ሰው ሲመጣ ብቻ በሚወጣው ስኒ አቀረበችልኝ። ጠጣሁት፤ ግን አልወረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቴ አዳማ ላለው ቅርንጫፍ ኃላፊ አድርጎ ሾመኝ። እድገት ነውና እልል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ፤ እዚያ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እያደርኩ እሰነብትና ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። በየቀኑ ልመላለስ ብል አይሆንም። ከጀሞ ታክሲ ተጋፍቼ መናኸሪያ እስክደርስ ጉልበቴ ያልቃል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ካልሞላ አይነሳም። የራሴ መኪና ካለኝ ግን በፍጥነት መንገዱ ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ። የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው፤ ከልጄ ጋር እራት መድረስ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ጫማ ለመግዛት እንኳ ሱባኤ ይገባል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እንቁላሉ እስኪሄድ ልጅቷ ትዳራለች» አልኩት።

እሱም ብቻውን እንዳይወስን፣ የናፍጣ መኪና ልንገዛ አስበናል ብሎ ግቢው ውስጥ ለአንድ ሰው ሹክ አለ። በእኛ ብሎክ ለአንድ ሰው ሹክ ማለት ማለት በድምፅ ማጉያ መናገር ነው። በማግስቱ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ «ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ በሚገዛበት ዘመን ናፍጣ ምን አስባላችሁ?» አለኝ። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ላውርድላት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሌላዋ የናፍጣ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደማረጅ ነገረችኝ። ምድር ቤት የሚኖረው መካኒክ ጎረቤታችን ብቻ ሌሎቹ ሲናገሩ እየሰማ ቆይቶ፣ «በየቀኑ አዳማ ደርሳ ትመለሳለች ካላችሁ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ረጅም መንገድ ይወዳል» አለ። መካኒክ ተናግሮ ማን ይከራከራል፤ በዚያው ጸና።

ከዚያ ደላላ መጣ። ደላላ አፍ ውስጥ የከተማው መኪና ሁሉ የዶክተር ነው። ዶክተር ያልነዳት መኪና አሳየኝ ብለው ምን ሊያመጣ እንደሚችል እንጃ። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን ደወለና «መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ጡረተኛ አባት ናቸው፤ ናፍጣ አትጠጣም፣ ታሸታለች። ደግሞ ከከተማ ወጥታ አታውቅም» አለን። እዚህ ላይ ባለቤቴ ፊቱ በራ። የእኔም በራ፤ ምን ልዋሽ። በእኛ ከተማ ለመኪና ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። ክፍለ ሀገር የረገጠች መኪና ስሟ እንደተነሳ ሙሽራ ነች፤ ሁሉም ከሥር አጎንብሶ ያያታል።

ረቡዕ ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ጠዋት ከአዳማ ተነስቼ በቀጥታ መካኒሳ ወረድኩ። ካልተሳካ ከንቱ ተስፋ እንዳይሆንባት ብዬ ለልጄ አልነገርኳትም። ባለቤቴና መካኒኩ ቀድመውኝ ደርሰው ነበር። ባለመኪናው ከራባታቸውን አስረው ጠበቁን። መኪናዋ ትስቃለች። የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። መካኒኩ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ቀድመው አስነስተው አላሞቋትም፣ አላታለሉንም። ቁልፉ ሲዞር በአንዴ ተነሳች።

«ጋሼ፣ የት የት ይነዷታል?» አላቸው መካኒኩ።

«እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። አልፎ አልፎ ፉሪ፣ ልጄ ቤት።»

መካኒኩ «እህ» አለ። ያቺ «እህ» ደስ አላለችኝም። «የፍጥነት መንገድ ላይ ልትነዱ ከሆነ እዚያው ወስደን እንያት» አለ።

መሪውን እኔ ያዝኩ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ልብ ነው የሌለው። እሱና ጋሼ ከኋላ ተቀመጡ፤ መካኒኩ ከጎኔ። በቀለበት መንገድ እስከ ቃሊቲ ወተት ነበረች። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ግን ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ። «ልጄ፣ ፎሌ አድርጊያት። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ማቃጠል ኃጢአት ነው።» ማርሽ አውጥተው ዝም ብለው እያንከባለሏት ነው የኖሩት። ናፍጣ የምታሸተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቱሉ ዲምቱ ቲኬት ወስደን መንገዱ ላይ ወጣን። ረገጥኩ። መኪናዋ አንዴ ሳል አደረጋት። ደግሜ ረገጥኩ። በመስታወት ወደ ኋላ ባይ አገር የለም፤ ሁሉም ጥቁር ጭስ ሆኗል። ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ቀደመኝ። ከእሱ ኋላ የመጣ አውቶቡስ ውስጥ ያሉ ተሳፋሪዎች ሁሉ አንገታቸውን አዙረው አዩን። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«እንመለስ» አለ ባለቤቴ።

«ወዴት?» አለ መካኒኩ። እውነቱን ነው፤ ያ መንገድ መውጫው እስኪደርስ መታጠፊያ የለውም። ሱባኤ የሚወደው ባሌ መመለስ የሌለበት መንገድ ላይ ከንፈሩ ለጸሎት ሲንቀሳቀስ አየሁት። ብናደድም ሳቄ መጣ።

መካኒኩ አልደነገጠም። «አልታመመችም» አለ። «ጥላሸት ነው ያፈናት። ናፍጣ ሞተር በደንብ ካልሞቀና ካልሮጠ የራሱን ጭስ ሲውጥ ይኖራል። ይቺ ዕድሜዋን ሙሉ ሰፈር ውስጥ ስትንፏቀቅ ነው የኖረችው። አንድ ማርሽ ቀንሺና ሳትፈሪ ርገጪ።»

ቀነስኩና ረገጥኩ። ጮኸች። ጋሼ የወንበሬን መደገፊያ ጨብጠው ያዙ። ዱከምን ስናልፍ ጭሱ እየሳሳ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ውስጥ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ መኪናዋ ተከፈተች። ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ ተሰማኝ። ያንን ባለ ሲሚንቶ ተሳቢ ደርሼበት አለፍኩት፤ ሹፌሩን ዞር ብዬ እስካየው ድረስ ልጅ ሆንኩ። በዚህ ዓይነት ከሥራ ወጥቼ እራት እንደምደርስ አወቅኩ። ደስታዬ ለብቻው ነበር።

«ለካ እንዲህ ትሄድ ኖሯል» አሉ ጋሼ ከኋላ።

ቢሾፍቱ ወጥተን ዞርን። በመልሱ ጉዞ አንድም ጊዜ ፎሌ አላሉም።

መካኒሳ ደጃፋቸው ላይ መካኒኩ ፍርዱን ሰጠ። ዘይቷ ይቀየር፣ ጥላሸቷ በደንብ ይጠረግ፣ ከዚያ መንገድ አይከልከላት፤ ታገለግላለች። «ከከተማ አለመውጣቷ ነው የጎዳት» አለ። እኛ ደግሞ የመጣነው ለእሱ ብለን ነበር። ጋሼ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። «ካልገዛችኋት ቅር አይለኝም» አሉ። «እንዲያውም እኔው ልወጣባት አምሮኛል። እስከ ነገ ጠዋት ካልደወላችሁ አልሸጣትም።»

ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ ጀመረ። ጭሱን አየሽው፤ ዓመታዊ ምርመራውን ባታልፍስ፤ መካኒክም ሰው ነው ይሳሳታል፤ አንድ ሳምንት እናስብበት።

«አንድ ሳምንት ካሰብክበት ሽማግሌው ሐረር ደርሰው ይመለሳሉ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገርኩትም። ዝም ስል ይፈራኛል። ያን ቀን ግን የባሰ የፈራው መኪናዋን ነበርና ዝምታዬ አልሠራም።

አመሻሽ ላይ በሩን ከፍተን ገባን። ልጃችን ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሮጣ የምትጠመጠምብኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። እርሳሷን እንደያዘች ተነስታ ቆመች።

«ዛሬ ዓርብ ነው?»

«አይደለም፤ ረቡዕ ነው።»

አባቷን አየች። እኔን አየች።

«ማን ሞቶ ነው?»

ልስቅ ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ። በእኛ ዘንድ ሰው ያለ ቀኑ ከመጣ፣ ሁለት ሆነው ደግሞ ዝም ብለው ከገቡ፣ መርዶ ነው። ይህን ልጅም ያውቀዋል። እናቷ በረቡዕ ቤቷ መግባቷ ለቅሶ እንጂ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ግን አልመጣላትም።

«ማንም አልሞተም የኔ ልጅ።»

አላመነችኝም። «አያቴ?» አለች። ደህና ናት አልኳት። «ትልቁ አጎቴ?» ደህና ነው። «የመካኒሳዋ አክስቴስ?» ደህና ናት፤ ሁሉም ደህና ነው። ዘመዶቼን አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀችኝ፤ እኔም ለእያንዳንዱ መለስኩላት። ባለቤቴ አንድ ጫማውን አውልቆ፣ አንዱን እንዳደረገ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ» ሲል ሰማሁት። «ነገ ጠዋት ለውል እንመጣለን።»

ልጄ ያን ጊዜ ገና የአባቷ ወገን ዘመዶች ጋ አልደረሰችም ነበር።